ሆዴን

ልብስ ሰፊው በልጅነቱ ሆዱ ድንገት ይቆርጠውና "ሆዴን!" እያለ መሬት ላይ ይጠቀለል ነበር። ሥራ ሲታዘዝ ነው የሚያመው ብላ ታላቅ እህቱ "ሆዴን" የሚል ስም አወጣችለት። ስሙ እንደ መዥገር ተጣበቀበት፤ እናቱ ሞቱ፣ ሚስቱ ሞተች፣ ስሙ ግን አልሞተም። ሚስቱ እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ደሞ ጀመረህ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ሐኪሞቹም ጨጓራ ነው እያሉ ሸኙት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው። ውሎ አድሮ እሱም ራሱን መጠርጠር ጀመረ።

አሁን ስልሳውን አልፎ፣ ጠርዙ የተተረተረ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ ራጅ ክፍል ቆሟል። እጁ ላይ የኖራ ውሃ የመሰለ መድኃኒት በብርጭቆ ይዟል።

"አንዴ ጎንጨት ያድርጉና ትንፋሽዎን ይያዙ፣ ጋሼ" አለችው ባለሙያዋ ከመስተዋቱ ጀርባ።

ጠጣ። ፈርቷል፤ የፈራው ግን በሽታ እንዳይገኝበት አልነበረም። ምንም ባይገኝስ ብሎ ነው።

ሐኪሙ ስክሪኑን አዞረለት። "ነጩ አሁን የጠጡት ነው። ትንሹ አንጀት እዚህ ጋ ወደ ግራ መሻገር ነበረበት። የእርስዎ በቀኝ በኩል ቁልቁል ወርዷል። ሲወለዱ ጀምሮ እንዲህ ነው። እየተጠማዘዘ ነው የሚያስጨንቅዎት፤ በቀዶ ጥገና እናስተካክለዋለን።"

"ከመነሻው ተዛንፎ የተቆረጠ ነዋ" አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያመኝ ነበር ማለት ነው?"

"እንዴታ። እንዴት እንደቻሉት ነው የገረመኝ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ "የጋሼ ቤተሰብ?" ብሎ ተጣራ። ከተደረደሩት ወንበሮች ማንም አልተነሳም።

የቀረችው ያቺው እህቱ ናት፤ እሷንም እርጅና ብዙ ነገር አስረስቷታል። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወለላት።

"ማን ልበል?" አለች።

ስሙን ቢነግራት አላወቀችውም።

"ሆዴን ነኝ፣ እትዬ።"

"ውይ፣ ሆዴን!" ብላ ሳቀች።

"የእውነት ያመኝ ነበር እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ዛሬ በራጅ ታየ።"

ሳቋ ተቋረጠ። ስትናገር ድምፅዋ ተሰብሯል።

"ምነው ታዲያ፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?"



"ይኸው አሁን ነገርኩሽ፣ እትዬ" አለ።