ሃዋኒ የፈለገችው

ቅንጬው እንደገና ከነማንኪያው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሲንቄ ጨርቅ አምጥታ እየጠረገች፣ "ቀስ በይ የኔ ልጅ፤ ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፊ" አለች። የስምንት ዓመቷ ሃዋኒ ግን እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሃዋኒ ስትወለድ ምጡ ረዝሞ ታፍና ነበር። እግሮቿ አይሸከሟትም፤ ጣቶቿም ይገታተራሉ። አባቷ ትቷቸው ወደ ትውልድ አገሩ ሸነን ከተመለሰ ወዲህ ሲንቄ እዚሁ ጉደር የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻት። አሁን ግን የቤት ኪራዩ ከአቅሟ በላይ ሆነና ዐረብ አገር ለመሄድ ቆረጠች። ልጅቷ የሲንቄ ታላቅ እህት አረጋሽ ዘንድ ትቀራለች። አረጋሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ገበያ ናት፤ ሃዋኒ በራሷ እጅ ካልበላች እስኪመሽ ጾሟን መዋሏ ነው።

ይህን ሁሉ ሲንቄ ለልጇ አልነገረቻትም። የነገረችው ለአረጋሽና አምቦ ላለችው ባለሙያ ለዲቦራ ብቻ ነው። ዲቦራን ሰው ሁሉ "ፊዚዮ" ይላታል እንጂ፣ ሥራዋ ልጆች መብላትን፣ መልበስንና መታጠብን የመሳሰለውን የየዕለት ነገር ራሳቸው እንዲያደርጉ ማለማመድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዲቦራ እናትየዋን ሃዋኒ ምን እንድትችል እንደምትፈልግ ስትጠይቃት፣ ሲንቄ ሳታመነታ በእጇ መብላት ብላ መለሰች። ዲቦራም የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችላት። በየምግቡ ሰዓት እንዲለማመዱ፣ ልጅቷ ብታፈስም እንዳያጎርሷት አደራ አለች።

ሳምንታት አለፉ፤ ለውጥ ግን የለም። አረጋሽ በመጣች ቁጥር፣ እያፈሰሰች ከምታባክነው ማጉረሱ ይሻላል ትላለች። ሲንቄም ተስፋዋ እየተሟጠጠ ሄደ።

አንድ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጀሪካን በመርሳቷ ከመንገድ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሃዋኒ ማንኪያውን ጨብጣ፣ አንገቷን ወደ ሳህኑ ሰበር አድርጋ ትበላለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ምግቡ ግን አይደፋም። ሲንቄ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጀሪካኑንም ሳትወስድ ወደ ኋላዋ ሄደች። ምሳ ላይ ማንኪያው እንደ ወትሮው ወደቀ።

በቀጠሯቸው ቀን አምቦ ሲደርሱ ያየችውን ለዲቦራ ነገረቻት። ዲቦራ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

"ሃዋኒ፣ አቲ ማል ፌታ? አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ምንም።"

"ማንኪያውን ለምን ትጥዪዋለሽ?"

ሃዋኒ ጉልበቷን እያየች መለሰች። "መብላት ከቻልኩ እማዬ ትሄዳለች። ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።"

ሲንቄ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቀረች። ዲቦራ ወደ እሷ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኔና እርስዎ ነን የወሰንነው፤ የምትለማመደው ግን እሷ ናት። እውነቱን ካልነገሯት ልምምዱ አይሆንም።"

ወደ ጉደር ሲመለሱ ሲንቄ ሚኒባሱ ውስጥ ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች። እንደምትሄድ በአፏ ከነገረቻት ልጇ እንዳትጠላት ፈራች። ካልነገረቻት ደግሞ ልጇ እየተራበች ልታስቀራት መሞከሯን እንደማትተው ገባት። የተናገረችው ቤት ገብተው ምሳ ከቀረበ በኋላ ነው። አረጋሽም የዚያን ቀን ከገበያ ቀድማ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

"ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ ሃዋኒ። ብትበዪም እሄዳለሁ፣ ባትበዪም እሄዳለሁ። ባትበዪ ግን እዚያ ሆኜ ርሃብሽን እያሰብኩ ነው የምኖረው።"

ሃዋኒ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ማንኪያውን አነሳች። ሲንቄ ከኋላዋ ሆና የምትሰማው ማንኪያው ሳህኑን ሲጭር ብቻ ነበር። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ልጅቷ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

"ከዚያ ስትደውዪልኝ ስልኩን ራሴ መያዝ እፈልጋለሁ። አክስቴ ጆሮዬ ላይ ከያዘችልኝ የምልሽን ሁሉ ትሰማለች።"

አረጋሽ አቀረቀረች። ሲንቄ የራሷን ስልክ ልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠች፤ የእህቷን ስልክ ተውሳ ወጣችና እስከ አጥሩ ድረስ ሄዳ ደወለች። ጥሪው ቤት ውስጥ ይጮኻል። ስልኩ ሲንሸራተት፣ ሲንኳኳ፣ ሃዋኒ ስታቃስት ይሰማል። አረጋሽ ልታግዛት ስትነሳ ሲንቄ በእጇ ምልክት ከለከለቻት።

ጥሪው ሳይነሳ ተቋረጠ። ሲንቄ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረችና እንደገና ደወለች።