ያላዋጣው ሱቅ

«ቦርሳውን ልጠበው እንጂ አባዬ፤ ጭቃው ደርቆ እየረገፈ ነው።»

ሮዳስ ይህን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። አባቷ መምሬ ኃይለኢየሱስ የሟች ልጃቸውን የዘሥላሴን የላፕቶፕ ቦርሳ ከመቀመጫቸው ሥር አድርገው፣ ተረከዛቸውን አስደግፈውበት ተቀምጠዋል።

ዘሥላሴ አንድ ባለሱቅ ጠርቶት ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ተገለበጠ። ዛሬ ሠልስቱ ነው። ደብረ ብርሃን ባለው ግቢያቸው የተተከለው የእድር ድንኳን ሞልቷል፤ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ከኋላ አግዳሚ ላይ ሁለት የእድር ሰዎች ንፍሮ እየቆረጠሙ ይንሾካሾካሉ።

«ለመሆኑ ሥራው ምን ነበር?»

«የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ ያድላል። ባለሱቆቹ ደግሞ በየወሩ የቻሉትን ያዋጡለታል።»

«በነፃ ከሆነ ምን ሆነው ያዋጣሉ?»

«አንተ መዋጮ አይገባህም። የእድሩንም ስንቴ ተለምነህ ነው የምትከፍለው።»

መምሬ ሰምተዋል። እሳቸውም አልገባቸውም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው የአዲስ አበባ የባንክ ሥራውን ትቶ ሲመጣ፣ እዚሁ ግቢ ቆመው «ዲግሪህን ይዘህ ከሱቅ ሱቅ ልትለምን ነው?» ብለውታል። ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ ፕሮግራሙ ስድስተኛዋን ቀን አልቀበልም ብሎ የየሱቁ ሽያጭ ሳይመዘገብ ቀረ። ዘሥላሴ እንቁጣጣሽን ቤት አልዋለም። መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተውት ባላየ አለፉ።

ከቀትር በኋላ ከባለሱቆቹ አንዱ፣ የአልዩ አምባው የጨርቅ ነጋዴ ሀምዳን፣ ከልጁ ከሱልጣና ጋር ገባ። ሱልጣና ኮምፒዩተር ተምራ የተመረቀች ናት፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዘሥላሴን በሥራው ታግዘው ነበር። ሀምዳን ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ መምሬ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናዎት መምሬ።»

«አሜን።»

ሀምዳን ወደ መምሬ ጠጋ አለ። «በዚህ ቀን የሚነሣ ነገር አልነበረም። ግን ለሐምሌ አንድ አምስት ቀን ነው የቀረው። አዲሱን የሒሳብ ዓመት የሚከፍተው የፕሮግራሙ ማስተካከያ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውን ሥራ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ ይቺን ግን ሳያወጣት ቀረ። መቶ አሥራ ሁለት ሱቅ እየጠበቀ ነው። ሱልጣና ትቀጥልበት፣ መዋጮውም ለእሷ ይሁን ተባብለናል።»

«ለእናንተ ሲሮጥ ነው የሞተው» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ዕቃውንም ልውሰድ አልክ?»

«እውነትዎን ነው» አለ ሀምዳን።

«ደብረ ሲና ሲጠብቀው የነበረው ባለሱቅ ስንት ያዋጣ ነበር?»

ሀምዳን ወደ ልጁ ዞረ። ያሻትን ቁጥር ብትጠራ ተነሥቶ የሚያጣራ አልነበረም።

«ምንም» አለች ሱልጣና። «አንድም ቀን አዋጥቶ አያውቅም፣ አባታችን። ዘሥላሴም ያውቃል። ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ሄዶለታል።»

ሮዳስ አባቷ የሚቆጡ መስሏት ብድግ አለች። መምሬ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያን ዕለት፣ ልጃቸውን «ልትለምን ነው?» ባሉት ቀን፣ «ያላዋጣውስ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። «እሱም ይጠቀማል» አላቸው። «እንዲህ ያለ ሞኝነት አይቼ አላውቅም» ቢሉት፣ «እርስዎስ አባዬ፣ ልጁን ሊያስጠምቅ የመጣን ሰው መዋጮ ከፍለሃል ወይ ይሉታል?» አለ። ሰዓት ደርሶብኛል ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም፤ እሱም አልጠየቃቸውም።

ጎንበስ ብለው ቦርሳውን ሳቡት። ዚፑ ጭቃ ነክሶ እምቢ አለ። ሮዳስ ልታግዛቸው ብትጠጋ በክንዳቸው ከለከሏት፤ ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ውስጡ ንጹሕ ነበር። ላፕቶፑንና ቻርጀሩን አውጥተው ለሱልጣና ሰጧት።

«መክፈቻውን ታውቂዋለሽ?»

«ነግሮኛል።»

«እንግዲያው ለዚያ ለደብረ ሲናው ሰውዬ አስቀድሚለት። ሲጠብቅ ነው የሰነበተው።»

ሱልጣና ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ውጭ ዝናቡ አልቆመም። ዓይኗ ወደ ቦርሳው ሄዶ ተመለሰ፤ ሮዳስም አየቻት።

«አባዬ፣ ይበሰብስባታል እኮ። በቦርሳው ትያዘው።»

መምሬ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለሱልጣና ዘረጉላት።

«ኧረ መምሬ፣ ይበርድዎታል» አለ ሀምዳን።

«ጠቅልዪው» አሏት፤ «ጠበቅ አድርገሽ።»

አባትና ልጅ ሲወጡ መምሬ የባዶውን ቦርሳ ዚፕ ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ደረቁ ጭቃ ነጭ ልብሳቸው ላይ ረገፈ። አላራገፉትም።