በደቂቃ ሃያ ጠብታ

ሉሊት በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ ውሃው ወተት ሆኖ ጠበቃት። ሳሎኑ ጥግ ያለው የመስታወት ገንዳ ጠዋት ስትወጣ ከጀርባው ያለው የግድግዳ ስንጥቅ እስኪታይ ድረስ የጠራ ነበር። አሳትማ ያመጣችውን የጥናቷን ሪፖርት ቅጽ ወንበር ላይ ጣለችና ቀና ብላ ሚስማሩን አየች። የኖራ ውሃ ሞልታ የሰቀለችው ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከጄሪካኑ ወደ ገንዳው የሚወርደው የግሉኮስ ቱቦ ደርቋል። ጠብታውን የምትቆጣጠረው ትንሿ ጎማ እስከ ጥግ ተከፍታለች።

"እማዬ፣ ይህን ማን ነካው?"

ወይዘሮ አትጠገብ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከጓሮ ገቡ። ፊታቸው ላይ የጥፋተኛ ነገር አልነበረም።

"እኔ ነኝ የከፈትኩልሽ። ጠብ፣ ጠብ እያለ መቼ ሊያልቅ ነው? ሰውዬው ሳይመጣ ገብቶ ይለቅ ብዬ ነው።"

"አትንኪው አላልኩሽም?"

"ቱቦውን ነው አትንኪ ያልሽኝ። ቱቦውን መቼ ነካሁ? ጎማዋን ነው።"

ሉሊት የውሃውን የአሲድነት (ፒኤች) መለኪያ ወረቀት ከጥቅሉ ቀድዳ ውሃው ውስጥ ነከረች። ከስምንት ትንሽ ከፍ ማለት የነበረበት ቁጥር አሥር ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ገንዳው ውስጥ ያለው የባህር ውሃ ነበር። ዲላ ባህር ስለሌላት ሉሊት ራሷ ሠርታዋለች፤ ጨው ከአዲስ አበባ፣ ማሞቂያና ፓምፕ ከዚያው፣ ድንጋዩ ደግሞ ከጅቡቲ። ድንጋዩን ያመጣላት የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ጎረቤታቸው ሲሞን ነው፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በየኬላው ምን እንደሆነ እየተጠየቀ። ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ሮዝ ቅርፊት ነበረችበት። ኮራላይን አልጌ ይባላል፤ ከውሃው ውስጥ ኖራ እየሳበ ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም የሚጋገር፣ ውሎ አድሮ ራሱ ድንጋይ የሚሆን ነገር ነው። ሉሊት ቅርፊቷን በቢላ ፍቃ ዱቄቱን በአሥራ ሁለት የሴራሚክ ቁራጮች ላይ በትናለች። ከዚያ ሰባት ወር ጠበቀች። መጠበቅ ከማይሆንላት ሰው ይህ ብዙ ነው። ብርሃኑን አደበዘዘች፣ ሙቀቱን በየሁለት ሰዓቱ ለካች፣ ከቀለም መሸጫ የገዛችውን ኖራ አጥልላ የጎደለውን ውሃ በሱ ተካች። ሰፈርተኛው "ድንጋይ የምታበቅለው" የሚል ስም አወጣላት፤ እናቷም ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ጓደኞቻቸው ይህንኑ እየሳቁ አወሩ።

የኖራው ውሃ ቀስ ብሎ መግባት አለበት፤ በደቂቃ ሃያ ጠብታ። አምስቱ ሊትር ከሦስት ቀን በላይ መቆየት ነበረበት። በሦስት ሰዓት አለቀ።

ነገ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ኮሚቴ ይሰበሰባል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማካሪዋ ዶክተር አምሃ መጥቶ ከአሥራ ሁለቱ ቁራጮች ቢያንስ ስድስቱ ሮዝ መልበሳቸውን ፎቶ ያነሳል። ትናንት ሰባቱ ለብሰው ነበር። ስድስት ካልሞላ የማስተርስ ጥናቷ ይዘጋና ታስተምርበት ወደነበረው ቡሌ ትመለሳለች፤ ወደዚያው ብርድ፣ ወደዚያው ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል። ፈቃድ ስትወስድ ርዕሰ መምህሩ ወንበሯን እንደማያስነካባት ነግሯት ነበር። ያን ጊዜ እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው።

ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ከሩብ። መንገዱን ተሻግራ ከሱቅ ስምንት ጠርሙስ አምቦ ውሃ በካርቶን ተሸክማ ተመለሰች። ጋዙ የውሃውን ቁጥር ያወርደዋል፤ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ባህር ማዶ ያሉ የዓሣ ገንዳ ባለቤቶች ሲያወሩበት በስልኳ ያየችው ነው። አንድ በአንድ እየከፈተች አፈሰሰች።

"አምቦ ለድንጋይ?" አሉ እናቷ።

"ዝም በይ፣ እማዬ።"

እናቷ ባዶ ጠርሙሶቹን ለቅመው በካርቶኑ መለሱ፤ ክዳኖቹን ለብቻ። ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ወረደና እዚያው ቆመ። ሰባት ሰዓት ላይ ገንዳው ውስጥ የምታኖራቸው ቀንድ አውጣዎች ከመስታወቱ እየለቀቁ የገንዳው ወለል ላይ በጀርባቸው ወደቁ። አራት ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ወተቱ እየሰከነ ድንጋዩና ቁራጮቹ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተኛ። ሉሊት አንዱን ቁራጭ አውጥታ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ዱቄቱ ተነሳ። ከሥሩ ያለውም ነጭ ነበር፤ ትናንት ሮዝ የነበረው ቅርፊት የቆየ አጥንት መስሏል። ሁለተኛውን አወጣች። ሦስተኛውን። ከዚያ በላይ አላወጣችም።

"ታምሞ ነው?" እናቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ሞቷል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ሰባት ወር ነው የገደልሽብኝ።"

ወይዘሮ አትጠገብ ሽርጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ዘረጉ። "ከመፍጠኑ ነው?"

"ከመፍጠኑ ነው።"

"ውሃው ያው አይደለም? መጠኑ ያው። ቶሎ ገባ እንጂ አልበዛም።"

"ቶሎ መግባቱ ነው የገደለው። በሦስት ቀን የሚገባው በሦስት ሰዓት ሲገባ አይችለውም።"

እናቷ ሚስማሩን አዩት። ሉሊት ገንዳውን እዚያ ጥግ ያስቀመጠችው ሚስማሩ ስለነበረ ነው፤ አባቷ ከሆስፒታል ወጥቶ እስኪሞት ድረስ ቤት በተኛባቸው አምስት ሳምንታት ግሉኮሱ የሚሰቀለው እዚያ ላይ ነበር። አቶ ፈለቀ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ቀበሌ ባለው ቡና ማጠቢያ ሚዛን ላይ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነበር። ኩላሊቱ ነው የጣለው። በሽታው ሲከፋበት ሉሊት ቡሌ ፈተና እያረመች ነበር።

"ሲስተሯ ጠብታውን አስተካክላ ትሄዳለች" አሉ እናቷ። ድምፃቸው ስለ ገበያ የሚያወሩ ያህል ነበር። "ስትሄድ እከፍትለታለሁ። ሆስፒታልም ሁሉም አስታማሚ ይከፍት ነበር፤ ቶሎ ይግባለት፣ መርፌው ይነቀልለት፣ ተገላብጦ ይተኛ ብሎ ነው። አባትሽም ክፈቺልኝ ይለኝ ነበር። የሚገባውን ያህል ነው የገባለት። አልበዛም።"

ሉሊት የአባቷን እግር አስታወሰች። በመጨረሻው ቅዳሜ ከቡሌ ወርዳ ስትጠይቀው እግሩ አብጦ ነበር፤ ቅልጥሙን በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ጋደም ማለት አልቻለም፤ ቁጭ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ ነበር የሚተነፍሰው። ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት ያቃተው ሰው ውስጥ ውሃ በፍጥነት ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ያውቃል። እሷ ያኔ ዲግሪዋን ከያዘች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ጎማዋን ግን ማን እንደሚከፍት አልጠየቀችም።

"የሱ ሌላ ነው" አለች።

"እንዴት ሌላ?"

"ሰው ገንዳ አይደለም፣ እማዬ።"

እናቷ ይህን መልስ አልተቀበሉትም።

ዶክተር አምሃ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ከባጃጅ ወረደ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነው። ገንዳውን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ፎቶ አላነሳም። ወይዘሮ አትጠገብ ሙዝ በሰሃን አቀረቡለት፤ አንዱን አነሳና ሳይልጥ ያዘው። ሉሊት የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ ጎማዋ እንደተከፈተች እንጂ ማን እንደከፈታት አልተናገረችም።

"ቅጹ የት አለ?" አለ አምሃ። አቀበለችው። በጣቱ እየተከተለ አነበበና አንድ መስመር ላይ ቆመ። "የችግሩ መንስኤ የሚለው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ከተማሪው ቁጥጥር ውጭ የሆነ አደጋ ከሆነ አንድ ሴሚስተር ይጨምሩልሻል። የራስሽ ስህተት ከሆነ ያበቃል፤ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም።"

"አደጋ መሆኑን ኮሚቴው በምን ያውቃል?"

"የከፈተው ሰው ለምን እንደከፈተ ጽፎ ይፈርማል። ነገ ኮሚቴው ጠርቶ ሊጠይቀው ይችላል። ከባድ ነገር የለውም፤ አሥር ደቂቃ ነው።"

"እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ ዶክተር" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። "እፈርማለሁ። ነገም እመጣለሁ።"

"ጥሩ ነው፣ እናቴ። ለምን እንደከፈቱት ብቻ በደንብ ይንገሯቸው።"

"እነግራቸዋለሁ። ለባሌም እንዲሁ ነበር የማደርገው እላቸዋለሁ። እነሱ የተማሩ ናቸው፤ የሱ ሌላ እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግሩኛል።"

አምሃ ያልገባው መሆኑ ፊቱ ላይ ታየ። ሉሊትን አያት። ሉሊት ሰሃኑ ላይ ያለውን ሙዝ እያየች ነበር። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ስለ ኩላሊት የሚያስተምሩ ናቸው፤ አንደኛዋ ሲጠየቁ የማያውቁትን እንኳ ሳይመልሱ የማይተዉ ሴት ናቸው።

"ብዕር አለህ፣ ዶክተር?" አለች። ሰው ፊት አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። አጭር ስለነበረ ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። አምሃ ከትከሻዋ በላይ አነበበ።

"ሉሊት፣ ይሄ እኮ ይዘጋዋል።"

"አውቃለሁ።"

"ነገ ጠዋት ድረስ አስቢበት።"

"ቱቦውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሳልቆልፈው የወጣሁትም እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ አትጠገብ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ከአራተኛ ክፍል አላለፉም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቀስ እያሉ ያነባሉ። ሉሊት ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ፊደሎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ አነበቡ።

"የተማሪዋ የስሌት ስህተት ይላል። ስሌት ምንድን ነው?"

"ቁጥር ነው። ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው።"

"እኔ ቁጥር አልነካሁም።"

"አልነካሽም" አለች ሉሊት። ወረቀቱን ተቀብላ ስሟ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ፈረመች።