ከፕላስቲኩ በታች

«እዚህ ግቢ ቁፋሮ አይቻልም አላልኳችሁም?»

የሟች ባል ከለቀስተኛው መሀል ተነስቶ ሲወጣ፣ ወንድሟን እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አገኘው። አጠገቡ በጆንያ የተጠቀለለ ችግኝ ተጋድሟል።

«ለእህቴ መታሰቢያ አንድ ዛፍ ብተክል ምናለበት? ይሄን ሁሉ ጫካ ለሰው ተክላ የለም እንዴ?»

በረንዳው ላይ ቡና የያዙ ጎረቤቶች ተንሾካሾኩ። «ለሟች እንኳ ይሰስታል» አለች አንዷ።

ሁሉም ተነግሯቸዋል፤ ጫካው ሲያምርላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ እንጂ። ይህ የጋራ መኖሪያ ግቢ ድሮ የባትሪ ፋብሪካ ነበር። ሚስቱ የግቢውን ዲዛይን ስትረከብ መሬቱ በእርሳስና በአሲድ ተመርዞ ሣር እንኳ አያበቅልም ነበር። ጠርጎ ማውጣት ስላልተቻለ በወፍራም ፕላስቲክ አፈነችው። ላዩ ላይ ንጹሕ አፈር አስደለደለች፤ ሥራቸው ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች የማይሄድ ዛፎች መርጣ፣ እግዜር የተከላቸው እስኪመስል አሰባጥራ ተከለች። ሠራተኞቹ «እትዬ አፈር» ይሏት ነበር። ሰው ሲያደንቃት ትስቃለች፤ «ጫካ አይደለም፣ ትሪ ላይ ያለ ሰላጣ ነው። ትሪው ከተበሳ አለቀልን።»

ባልየው ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አካፋው ፕላስቲኩን አልነካውም። ተመስገን ሊል ሲል ግን የአሮጌ ባትሪ ሽታ አፍንጫውን መታው። አፈሩን ጫር ጫር ቢያደርግ፣ ክንድ የሚያክል ሥር ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ታች ገብቷል። በዓይኑ ተከተለው፤ በረንዳውን የሚያጠላው ዛፍ ነው። እሷ መጀመሪያ የተከለችው፣ የግቢው ልጆች ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት። ዛሬም ለለቀስተኛው በሳህን ቀርቧል። ሥሩ መርዙን ወደ ፍሬው ሲስብ ኖሯል ማለት ነው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ከተናገረ ግን በእናቷ ፊት ስሟን መቅበሩ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከስሟ ሌላ የቀራቸው የለም።

«ምን አየህ፣ ልጄ?» አሉ አማቱ።

«እማማ፣ ፍሬውን ከሰው እጅ ይሰብስቡልኝ። የሷ ዛፍ ፕላስቲኩን በስቶታል። መቆረጥ አለበት።»

አማቱ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ተጠጉ።

«አፈር ስሆን፣ ሐዘኗ እስኪወጣ እንኳ ቆይ።»

«እሷ ብትሆን አንድ ቀን አታሳድረውም ነበር።»

አማቱ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ሳህኑን አንስተው፣ ከአንድ ትንሽ ልጅ መዳፍም የቀረውን ለቅመው ወደ ውስጥ ገቡ። ወንድምየው ከጉድጓዱ ወጥቶ መጋዝ አመጣ።

ባልየው መጋዙን ተቀብሎ ተንበረከከ። ከማሳረፉ በፊት የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ያህል ቀስ ብሎ፣ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በእጅጌው ጠረገው።