ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ

ሰውየው ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግና ምረቃ ሲያነሳ ኖሮ፣ ዓለም ሁሉ በስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ስቱዲዮውን ዘጋ። ዘጋ ማለት እንኳ ያንሳል፤ ተራግሞ ነው የወጣው። ታናሽ ወንድሙ፣ ነጌቲቮቹን ምን እናድርጋቸው ብሎ ሲጠይቀው፣ «ጣላቸው፤ ማን ሊያያቸው ነው?» አለው። ታናሽየው አልጣላቸውም። በካርቶን ሞልቶ ቤቱ ወሰዳቸው።

ይህ በሆነ በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሴት ልጁ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። በአሮጌ የፊልም ካሜራ የተነሱ ፎቶዎችን እርስ በርስ የሚያጋሩ ሰዎች እንዳሉ፣ አጎቷም በእነሱ መሃል ስሙ እንደገነነ አጫወተችው። ደስ ይለዋል ብላ ነበር፤ የዋህ ናት። እሱ መነጽሩን አጥልቆ አንድ አየ፣ ሁለት አየ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደሙ ፈላ። ሙሽሮቹ የእሱ ሙሽሮች ናቸው። ዝናብ ያባረራቸው ሚዜዎች የእሱ ሚዜዎች ናቸው። ከላይ የተጻፈው ግን የወንድሙ ስም ብቻ ነው። አድናቂው ሁሉ ከሥር «እጅህ ይባረክ» ይላል፤ ወንድምየው ደግሞ ለእያንዳንዱ «አሜን» እያለ መልሷል። በሰው እጅ ለመጣ ምርቃት አሜን ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ልጁ፣ ያኔ አብራችሁ ትሠሩ ስለነበር ተምታቶብህ እንዳይሆን አለችው። አልተምታታበትም። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ካሜራ ይዘው አንድ ሠርግ ላይ ይሰማሩ ስለነበር፣ ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ስለዚህ ታላቅየው ቀጭን ሞረድ አምጥቶ፣ ካሜራው ውስጥ ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልባትን መስኮት ጠርዟን ሞረዳት፤ የራሱን አንድ ቦታ፣ የወንድሙን ሁለት ቦታ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያነሳው ሁሉ ጠርዙ ላይ አንድ ትንሽ ጥርስ፣ ወንድሙ ያነሳው ሁለት ጥርስ ያወጣል። ይህን ያደረገው ለፍቅር አልነበረም። የተበላሸ ፎቶ ሲወጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር፤ የማን እንደሚሆን ደግሞ ከመነሻውም አልተጠራጠረም። ስቱዲዮው ለደንበኛ ሲያትም ጠርዙን ያስቀረው ነበር፤ እነዚህ የፊልም ወዳጆች ግን፣ ፎቶው ያልተነካካ መሆኑን ለማስመስከር ጥቁር ጠርዙን ጭምር ነው የሚያሳዩት። ወንድምየውም እንደ ደንቡ አሳይቷል፤ አንዷ ጥርስ በየፎቶው ላይ ቁጭ ብላለች።

ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የእናታቸው ፎቶ ግን አንጀቱን አሳረረው። እናትየው ስቱዲዮው በር ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጥርሷ እስኪያልቅ ስትስቅ የተነሳችው ነው። ሠላሳ ዓመት ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን ከአልጋው ራስጌ ነው። ሴትየዋ ለበኩር ልጇ ሳቅ የምትሰስት ነበረች። እሱ ካሜራውን ሲያነሳ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበች ሁሉ እጇን አጣምራ ድርቅ ትላለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ያን ቀን ብቻ ሳቀችለት። ሰው እናቱ እንደምትወደው ማስረጃ አይፈልግም ይባላል፤ እሱ ግን ይፈልግ ነበር፣ ማስረጃውም ያ ፎቶ ነበር። ያ ፎቶ ነው አሁን ከሁሉ በላይ ተወድዶ፣ በወንድሙ ስም አገር የሚያዳርሰው። ይባስ ብሎ ከሁሉ መሃል የዚህ ፎቶ ጠርዝ ብቻ ተቆርጧል።

«አየሽ አይደል?» አላት ልጁን። «ሌባ ዱካውን ነው የሚያጠፋው።»

መንገዱን ሙሉ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እያለ ሲያጉረመርም፣ ልጁ እየተከተለች ስታባብለው፣ ወንድሙ ቤት ደረሱ። ታናሽየው በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነጌቲቮቹን ደርድሮ በለስላሳ ጨርቅ አቧራቸውን ያራግፋል። ሃያ ዓመት በጨለማ ክፍል ፊልም ሲያጥብ ዓይኑን የጨረሰ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበለት። ታላቅየው አልተቀመጠም። እንደቆመ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው፦ በያንዳንዱ ፎቶ ሥር የባለቤቱ ስም ይጻፍ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በእናታቸው ፎቶ ሥር።

ታናሽየው አልተከራከረም። እሺ አለ፤ ስም ያልጻፈው ጠያቂ ስላልነበረ እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ፣ ዛሬውኑ እንደሚያስተካክለው ተናገረ። የእማዬን ፎቶ ግን እንዳለ እንተወው አለ። ታላቅየው ይሄን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። የእሷን ነጌቲቭ አምጣ አለው። ታናሽየው የት እንደገባ አላውቅም አለ፤ ውሸት አይችልበትም፣ ዓይኑ ቀድሞት ወደ አንዱ ካርቶን ሄደ።

ታላቅየው ራሱ ካርቶኑን ፈለፈለ። ፖስታው ላይ በወንድሙ እጅ ጽሕፈት «እማዬ» ተብሎ ተጽፏል። ቁራጭ ፊልሙን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘውና ማጉያውን አስጠጋ። እናቱ ነጭና ጥቁሯ ተገላብጦ ትስቃለች። ጠርዙ ላይ ሁለት ጥርስ አለ።

መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ቆጠረ። ያው ሁለት ነው። ካሜራ ተለዋውጠን ይሆናል ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ከእናቱ ቀጥሎ ያለው ምስል እሱ ራሱ ነበር፤ የራሱ ካሜራ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የአንድ ደንበኛ አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያስተካክል።

«ታውቅ ነበር?»

«ካጠብኩት ቀን ጀምሮ።»

ያን ቀን ታናሽየው ፎቶውን ገና እርጥቡን ከጨለማ ክፍል ይዞት እንደወጣ፣ ታላቅየው ከእጁ ተቀብሎ፣ እዩት የያዝኩትን ብርሃን እያለ ለደንበኞቹ አሳይቶ ነበር። አሁን ሁሉም ትዝ አለው፤ ወንድሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሞ መቅረቱ ጭምር።

«ታላቄ ነህ፤ ሰው ፊት ምን ልበልህ?» አለ ታናሽየው። «ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። ጠርዙንም የቆረጥኩት አንተ እንዳታይ ነው፣ ጋሼ።»

ይቅርታ ማለት እዚህ ላይ ነበር። ሌላ ጥያቄ ግን ቀደመው፤ ከፎቶውም፣ ከስሙም በላይ የሚያንገበግበው።

«ምን ብለሃት ነው እንዲህ የሳቀችው?»

«ይቅርብህ።»

«ንገረኝ።»

ታናሽየው ጨርቁን አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። «አንተን አስመስዬላት ነው» አለ።

ታላቅየው አሳየኝ አለው። ታናሽየው ማረኝ አለ፣ ልጅቷም አባዬ እንሂድ አለች፤ እሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ስልሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ከጠረጴዛው ወጣ ብሎ ቆመ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ቂጡን ወደ ኋላ ገፋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። በባዶ እጁ ካሜራ ይዞ፣ በቀጭን የንዴት ድምፅ፣ ፈገግ በሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ፣ ፈገግ በሉ ነው የምላችሁ እያለ ተቆጣ። ምንም አልጨመረበትም። ቁርጥ እሱን ነው።

ከበሩ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ልጁ ናት። ልትይዘው ታግላ ነበር፤ አልቻለችም። አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጥርሷ እስኪያልቅ ትስቃለች። በሠላሳ ዓመቷ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

ዞር ብሎ አያት። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሳቋን ዋጠች፣ እጇን አጣምራም ድርቅ ብላ ቆመች።