የመጀመሪያው ጎርፍ ዓሣ

ፈረደ ዓሣዋን ከሣፋው አንስቶ ሆዷን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው፣ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ቢጫ እንቁላሎች ወጥተው መዳፉ ላይ ቀሩ። ሲፈልግ ያረፈደው ይችኑ ነበር። በሣፋው ከተጋደሙት ሁሉ ሆዷ የተወጠረ፣ ጎኗ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ እሷ ብቻ ነበረች።

«ይችን» አለ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ኸሊል እጁን በሽርጡ ጠረገና ተቀበለው። «ወላሂ ዓይን አለህ! ዛሬ ንጋት ከሽንፋ ወንዝ የወጣች ናት። ከነእንቁላሏ ልጥበሳት?»

«ከነእንቁላሏ። ሌላም ሁለት ጨምር። ጥብስም ይምጣ፣ ፉልም ይምጣ። ጠረጴዛው እንዳያሳፍረኝ።»

«ስንት ሰው ትጠብቃለህ፣ ያ ፈረደ?» አለ፣ እንደ ሱዳኖች አጠራር።

«ልጄን።»

«ልጅህንና ማንን?»

«ልጄን አልኩህ እኮ!»

«ከነሠርገኞቿ ነው የምትመጣ?» አለ ኸሊል፤ የፈረደን ፊት ሲያይ ግን ሣቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ምድጃው ሄደ።

የሰኔ ጾም ተፈቶ ሐምሌ ገብቷል። ከመተማ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው አስፋልት ዳርና ዳሩ ጭቃ ነው። ፈረደ በሩን የሚያይበት ወንበር መርጦ ተቀመጠና በመንገድ ሁሉ ሲያጠናት የመጣትን ቃል አንድ ጊዜ ደገማት። «ነይ፣ ወደ ቤትሽ እንሂድ።» ሌላ ነገር የለውም። ይችን ተናግሮ ልጁን ወደ መንደሩ ሽንፋ ይዟት ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።

ልጁ አየሁሽ ጎንደር ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች። እናቷ ታንጉ አምና ስትሞት መንገድ ተዘግቶ ነበርና ለቀብሯ አልደረሰችም፤ የደረሰችው ለሠልስቱ ነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስትገባ ፈረደ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንግዳ መጥታለች፤ ቦታ ልቀቁላት» አለ። መንገዱ መዘጋቱን እያወቀ ነው ያለው። አየሁሽ ድንኳኑ ውስጥ አልቅሳ፣ የቤቱን ደፍ ሳትረግጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። አሁን ለሥራ ወደ ገለጉ ወርዳ ስትመለስ በመተማ እንደምታልፍ የሰማው ከጎረቤቱ ከባንቺአየሁ ነው፤ «ምሳ ልጋብዝሽ ብሏል በያት» ብሎ የላከውም በሷው ስልክ ነው።

ጧት ከቤት ሲወጣ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ታንጉ ከሞተች ወዲህ ዚሩን፣ ያን ሱዳኖች ያስለመዱትን ትልቅ የሸክላ ጋን፣ አጥቦ የሚያጥነው የለም። እሷ ከደንቢያ ዘመዶቿ በሚላክላት የወይራ እንጨት ታጥነው ነበር። አሁን ውሃው ጭቃ ጭቃ ይላል።

ፈረደ ነገር አይረሳም። የአምስተኛ ክፍል መምህሩ «ላንተስ ከደብተር ሞፈር ይሻልሃል» ያለውን፣ ዕድርተኞች ስሙን ዘለው ያለፉበትን ቀን፣ ሁሉንም እንደ ዘር እህል ለይቶ አስቀምጧል። ከሁሉ የሚመረው ግን አየሁሽ የተመረቀች ዕለት የደረሰበት ነው። ሌሊቱን በጭነት መኪና ሲንገላታ አድሮ ጎንደር ሲደርስ፣ ካንድ ትልቅ ሆቴል ምሳ ተጋበዘ። ርቦት ነበር። ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ቀና ሲል፣ የአንዷ ተመራቂ እናት «አባትዬውስ እንኳን ለምሳው ደረሱ!» አለችና ጠረጴዛው ሣቀ። አየሁሽም የሣቀች መሰለው። ሣቃ እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ሳህን ጨርሶ አያውቅም፤ በቤቱ እንኳ ሆዱ እየጮኸ ግማሹን ገፋ ያደርገዋል። ያን ትራፊ ታንጉ ከድና አቆይታ፣ እሱ ሲወጣ ነበር የምትበላው።

አየሁሽ ቀትር አለፍ ሲል ገባች። ከስታለች። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዞ አነሣት። ነጠላዋ ጭስ ጭስ ሸተተው፤ የመንገድ ነው ብሎ አለፈው።

«ረፈደብሽ» አላት።

«ሽንፋ ላይ ትንሽ ቆመን ነበር፣ አባዬ» አለችና ዓይኑን አየች፤ አንድ ነገር እስኪጠይቃት የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

ፈረደ የመኪና ብልሽት መስሎት አልጠየቀም። አሁን ልንገራት ወይስ በልታ ስትጨርስ፣ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። በልታ ብትጨርስ ይሻላል አለ። ወደ ጓዳው ዞሮ፣ «ኸሊል! ሃይላንድ አምጣ፣ በረዶ የመሰለ!» ሲል ተጣራ።

«ውሃ ይዣለሁ» አለች አየሁሽ፣ ከቦርሳዋ ጎኑ የጎደጎደ የብረት ኮዳ እያወጣች። «የፕላስቲኩን ይተዉት አባዬ። ተጠጥቶ ሲያበቃ ወንዝ ነው የሚገባ።» ከበሩ ማዶ፣ በጎርፉ መውረጃ አፍ ላይ፣ ባዶ ጠርሙሶች ተጨናንቀው እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«የሰው ቤት ውሃ ተጠየፍሽ?»

«ኧረ አይደለም። ይልቅ ከዚህ ቅመሱልኝ።» ኮዳውን ወደሱ ገፋ አደረገችው።

መልሶ ገፋው። «እኔ በኮዳ የምጠጣ ወታደር አይደለሁም።»

አየሁሽ ፈገግ ልትል ሞከረች። ኮዳውን ግን አላነሣችውም፤ እመሃላቸው ተወችው።

ምግቡ ከነሃይላንዱ መጣ። ዓሣው፣ ጥብሱ፣ ፉሉ፣ ዳጣው፣ እንጀራው በየትሪው ሲደረደር ጠረጴዛው ጠበበ፤ ኸሊል አንዱን ትሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከጎን የተቀመጡት ሹፌሮች ዞረው አዩ። ፈረደ ደረቱን ነፋ።

«ይሄ ሁሉ ለሁለት ሰው?» አለች አየሁሽ ቀስ ብላ። «አባዬ፣ አንዱ ትሪ ይበቃን ነበር እኮ። ግድ የለም፣ የተረፈውን እቋጥረዋለሁ፣ ዕቃ ይዣለሁ።» ክዳን ያለው ሳህን ከቦርሳዋ ብቅ አደረገች።

ፈረደ ጆሮው ጋለ። «ትራፊ ልትቋጥሪ ነው? በኔ ግብዣ?»

«ምን አለበት? የሚደፋ ከሚሆን ለመንገድ…»

«መልሽው! አባቷ ጠግቦ የማያውቅ ነው ልታሰኚኝ ነው? እንደዚያ ቀን?»

«የቱ ቀን?»

አላወቀችም። ወይም፣ አለ ፈረደ በልቡ፣ ያላወቀች መሰለች። ሳህኑን ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ እጇ እንደ እናቷ እጅ ቀስ ይላል፤ ያን ሲያይ ንዴቱ ረገብ አለና ሊክሳት ፈለገ። ያችን ዓሣ ከፈታት። ሆዷ ውስጥ እንቁላሉ በጥብሱ ጠጥሮ እንደ ማር እንጀራ ተቀምጧል። ከሁሉ የጣመውን ፈልቅቆ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ዳጣ ነክቶ ወደ አፏ ዘረጋ።

«እንኪ። ላንች ብዬ ነው የመረጥኳት።»

አየሁሽ ጉርሻውን አየችው። ከንፈሯ አልተከፈተም።

«አባዬ፣ ሌላ ያጉርሱኝ። እማዬ በመጀመሪያ ጎርፍ የወጣ ዓሣ አታስበላንም ነበር። ሊወልዱ ነው ሽቅብ የሚመጡ፤ እናቲቱን ዛሬ በልታችሁ ከርሞ ምን ልትበሉ ነው፣ ትል ነበር እኮ።»

እውነቷን ነው። ታንጉ ከአጥማጆች እጅ እየለመነች እንቁላል የያዙትን ወደ ወንዝ ስትመልስ፣ «የዓሣ አዋላጅ» ብሎ መንደሩን ያሣቀባት እሱ ራሱ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ። ዘይቱ በክንዱ ወረደ። ሹፌሮቹ ማላመጥ አቆሙ። የተመለሰ ጉርሻ! ያ የጎንደር ሣቅ ከጆሮው ሥር መጣበት።

«እሷን አትጥሪብኝ» አለ። «ለቀብሯ ያልደረስሽ እንግዳ፣ ዛሬ የእናት ቃል ልትነግሪኝ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆረቁር ጀመር። ኸሊል ከምድጃው ቀና ብሎ፣ «ያ ፈረደ…» አለ።

አየሁሽ አላለቀሰችም። የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፣ ዋጠች። በነጠላዋ ጫፍ መጀመሪያ የሱን ጣቶች፣ ቀጥላ የራሷን አፍ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ ጎንበስ አለችና ጉልበቱን ሳመች። አሁን ትከሻዋን ለመያዝ አልደረሰም።

«መኪናው ይሄድብኛል» አለች። «ደህና ይሁኑ፣ አባዬ።»

ነይ ወደ ቤትሽ። ቃሏ አፉ ውስጥ ነበረች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በዝናቡ ስትሻገር፣ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ፣ ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ሲታጠፍ፣ እስከዚያ ድረስ አፉ ውስጥ ነበረች።

ከጧት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም ነበር። ሃይላንዱን ሊከፍት ሲዳብስ እጁ ኮዳውን አገኘ። ረስታው ሄዳለች፤ ወይም ትታለት። ክዳኑን ፈትቶ ተጎነጨ።

ውሃው ወይራ ወይራ አለው።

ኮዳውን ከአፉ አራቀና አየው፤ ደግሞ ቀመሰ። የታንጉ ጭስ ነው፣ ያ ምላስ ላይ የሚቀረው። በዚህ አገር በወይራ የሚታጠን ዚር ያንድ ቤት ብቻ ነው፤ የሱ ቤት። ወይራው መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ነበር የተወው። ቁልፉም ባንቺአየሁ ጋ ነው። እሱ በንጋት ዓሣ ሊመርጥ ሲወጣ፣ ልጁ በኋላው ደርሳ ቤቷን ከፍታ ገብታለች። ጋኑን አጥባ አጥናለች። ውሃ እስኪጠራ ጠብቃ ቀድታለታለች። ሽንፋ ላይ ትንሽ ቆመን ነበር።

መኪናው አሁን ከኬላው አልፎ ይሆናል። ስልኳን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ባንቺአየሁ ናት።

ኸሊል ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ቁልቁል ወደ ጠረጴዛው እንጂ ወደ ፈረደ አላየም። «ላንሳው?»

«አታንሳው። ይበላል።»

ትሪውን ወደሱ ሳበ። ከእንቁላሉ የቀረውን ወደ ዳር ለየው። የቀረውን ግን በላ፤ ጥብሱን፣ የቀዘቀዘውን ፉል፣ የተቆረሰውን እንጀራ። ከጠገበ በኋላም በላ። ሳህኑን በጣቱ ዙሪያውን ጠረገ። ከጎኑ ካሉት ሹፌሮች አንዱ በራሳቸው ወሬ ከት ብሎ ሣቀ፤ ፈረደ ቀና አለና በሩን አየ።

ከዚያ ኮዳውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው። ጥቂት ውሃ ነበረው። ሳይጨርሰው ክዳኑን አጠበቀው።