ኪስ ያለው ድሪቶ

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቦንጋ ውስጥ ድሪቶ መስፋት የሚያስከብር ሥራ አይደለም። ድሪቶ የቸገረው ሰው ልብስ ነው፤ እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ ብርድ የሚያሳልፍ። በዛወርቅ ደግሞ አልቸገራትም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ጣሪያው የማያፈስ ቤት ያላት፣ ልጇ ትሁት ባንክ የምትሠራላት ሴት ናት። ታዲያ ይቺ ሴት በየቅዳሜው ከልብስ ሰፊው ከሰላሐዲን ሱቅ በጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸክማ በጠራራ ፀሐይ ስትመጣ ሰው ዝም ይላል? አላለም። ጡረታው አልበቃት አለ እንዴ ያለም አለ። ትሁትማ አንድ ቀን፣ እባክሽ እማዬ ቢያንስ በባጃጅ አምጪው ብላታለች።

በዛወርቅ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መዝገብ ቤት ሳለች እያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር ነበረው፤ አንድ ፋይል ያለቦታው ከገባ ጠፋ ማለት ነው፣ እሷም አብራ ትጠፋለች። አሁን ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘርግፋ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥና እጇ መጀመሪያ የነካውን ታነሣለች። ቀይ ከሆነ ቀይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ከሆነ ዩኒፎርም። አጠገቡ ምን ይግባ? እሱንም ሲደርስ ታያለች። ንድፍ የለም፣ ሜትር የለም። አንዳንዴ የማይዋደዱ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ይገጥሟታል፤ ያኔ ብቻዋን ትስቅና ሦስተኛ ቁራጭ ሽማግሌ አድርጋ ትልክባቸዋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በእጅ የምትዞረው የስፌት መኪናዋ ስታጉረመርም፣ ምሳ ሰዓት አልፎ ዘጠኝ ይሆናል። በልጅነቷ ካልሆነ በቀር እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

አንድ ሕግ ብቻ አላት፤ መቀስ አታስነካም። ያጠረውን ትቀጥላለች፣ የረዘመውን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። አንዴ ተቆርጦ የተጣለን ነገር እኔ ሁለተኛ አልቆርጠውም ትላለች። ትሁት ይህን ስትሰማ ዐይኗን ታንከባልላለች።

ሰላሐዲንም የራሱ ሕግ አለው። አባቱ ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ የቀሩ ናቸው፤ መኪናውንም ሕጉንም ያወረሱት እሳቸው ናቸው። የአንድ ደንበኛ ልብስ ተቆርጦ ሲያልቅ፣ ከዚያው ጨርቅ በተረፈ ቀጭን ቅዳጅ ጠቅልሎ ያስረውና ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ያንጠለጥለዋል። ሚስማር ላይ ያለ የደንበኛ ነው፤ ወለል ላይ የወደቀ የእትዬ በዛወርቅ ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አንድ ቅዳሜ ግን ከጆንያው ውስጥ አንድ ጥቅል ወጣ። ሰማያዊ ፖፕሊን፣ የቡና አበባ የሚያህሉ ነጫጭ አበቦች የተበተኑበት፣ በራሱ ቅዳጅ የታሰረ። በዛወርቅ ፈታችው። እንደወትሮው የተቦጫጨቀ አይደለም፤ ሰፋፊ ነው፣ ጎኑ እንደ ጨረቃ የጎበጠም አለው። ይሄ ሁሉ ደህና ጨርቅ እንዴት ተጣለ የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎባት ነበር። ሰላሐዲን አስቦልኝ ይሆናል ብላ ሐሳቡን ዋጠችው። ሰው የፈለገውን ነገር ሲያገኝ መች አጥብቆ ይጠይቃል!

ሦስት ሳምንት ሰፋችው። የጎበጠ ጨርቅ ገጥማ አታውቅምና መጀመሪያ አስቸገራት፤ ስታስተካክለው ይሸበሸባል፣ ስትጎትተው ይጣመማል። በኋላ ተወችውና ጨርቁ ወደሚሄድበት አብራው ሄደች። ሰማያዊው በካኪው፣ በቀዩ፣ በመጋረጃው ቁራጭ መሐል እየተጠማዘዘ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ጥቅሉ የታሰረበትን ቅዳጅ እንኳ አልጣለችውም፤ በካኪውና በቀዩ መካከል ድንበር አደረገችው። ውስጡን አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ጀርባውን አቡጀዲ አልብሳ፣ ዙሪያውን ዘምዝማ አልጋዋ ላይ ዘረጋችው። ከዚያም በሩ ላይ ቆማ አየችው። በሕይወቷ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይፈርምበት የሠራችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ወደደችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ትሁት ጉርድ ልታሳጥር ሰላሐዲን ጋ ሄዳ ወሬ ይዛ ተመለሰች። ሰላሐዲን ሱቁን ገልብጦ እየፈለገ ነው። የጡረተኛው አስተማሪ የጋሽ ፈለቀ ሟች ባለቤት፣ የእትዬ የወርቅውሃ ቀሚስ ጠፍቶበታል። እትዬ የወርቅውሃ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ኑኃሚን የፊታችን ቅዳሜ ከመምህራን ኮሌጅ ትመረቃለች። ሴትዮዋ ታመው ሳሉ፣ ለምርቃትሽ ያን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ከፊት እቀመጣለሁ ይሏት ነበር፤ አልደረሱም። ከአርባቸው በኋላ ልብሳቸው ሁሉ ለነዳያን ሲሰጥ ጋሽ ፈለቀ ያቺን አንዲት ቀሚስ ፍራሽ ሥር ደብቀው አስቀሯት። ሰላሐዲን በኑኃሚን ልክ ቆርጦ፣ አስሮ ሰቅሎ ነበር። ሚስማሩ ላይ የለም።

በዛወርቅ ክው አለች፤ ጥቅሉ ከሚስማሩ ወድቆ ከወለሉ ቁርጥራጭ ጋር ጆንያዋ ውስጥ እንደገባ ገባት። ትሁት ያን ድሪቶ በደንብ አይታው አታውቅም፤ አውርታ ወጥታ ሄደች። በዛወርቅ መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልሰረቅሁም፣ በእጁ የሰጠኝን ነው የሰፋሁት አለች ለራሷ። ደግሞስ አሁን ይመለስ ቢባል ምኑ ቀሚስ ይሆናል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የሚሆን መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነች፣ አንድም ቦታ አልቆረጠችውማ። ረቡዕን እንዲሁ ዋለች። አልጋው ላይ ሌላ ጨርቅ ደረበችበት፣ መልሳ አነሣችው።

ሐሙስ ክር ልገዛ ነው ብላ ሰላሐዲን ጋ ሄደች። ክር ቤቷ ሞልቷል። ምን ልትል እንደሄደች እሷም አታውቀውም። ጋሽ ፈለቀ አግዳሚው ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሰላሐዲን መኪናው ፊት እጁን አጣጥፎ አንገቱን ደፍቷል። አዲስ ጨርቅ ልግዛ፣ የጅማን ሱቅ ሁሉ አስፈልጌ ተመሳሳዩን ላምጣ ብሎ ለምኗቸዋል፤ እሳቸው አልተቆጡትም፣ ያ ነው የባሰበት።

"ልጄ፣ ቀሚሱ ይቅር" አሉት ጋሽ ፈለቀ። "ስትቆርጠው የወደቀ ቁራጭ ግን አይጠፋም። መዳፍ የምታህል ትበቃናለች። ኑኃሚን በጋዋኑ ውስጥ ይዛት ትወጣለች።"

ሰላሐዲን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ተስፋ ታየ። የወደቀ ቁራጭ ሁሉ ያለው እትዬ በዛወርቅ ዘንድ ነው፣ ይኸው አላህ ራሱ አመጣቸው ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ጋሽ ፈለቀም ዞሩ።

እንግዲህ አስቡት። መዳፍ የምታህል ነው የተጠየቀችው። ከድሪቶው ጥግ አንዲት ቁራጭ ብትፈታና ብትሰጥ ሁሉም አመስግኗት ይሄዳል። ሽማግሌው ይጽናናሉ፣ ሰላሐዲን ይተነፍሳል፣ ድሪቶዋም አልጋዋ ላይ ይቀራል። ማን ያውቃል? ማንም። በዛወርቅ አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌው የባርኔጣቸውን ዙሪያ በጣታቸው ሲዳብሱ አየች።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ቁራጭ አይደለም" አለች። "ቀሚሱ በሙሉ እኔ ጋ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ።"

ሰላሐዲን ቀስ ብሎ፣ ቆራርጠውታል ወይ ሲል ጠየቃት። መቀስ አልነካውም አለችው። ሌላ ሳይነጋገሩ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ሦስቱም ተያይዘው ወደ እሷ ቤት ሄዱ።

ጋሽ ፈለቀ አልጋው ግርጌ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ሰማያዊ በእጃቸው ዳሰሱና በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ለጨርቁ ነው ያሉት። በዛወርቅ ሰምታለች፤ ምን እንዳሉ ግን እስከዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ሰላሐዲን በበኩሉ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል፤ ይሄ ጀርባው፣ ይሄ እጅጌው፣ ይሄ የአንገቱ፣ የታጠፈው ሲዘረጋ ሙሉ ነው፣ አንድ አልጎደለም። ሽማግሌው ግን ድሪቶውን ከዳር እስከ ዳር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የመሰለ ነገር አይፈርስም፣ ቁራጯን ብቻ ስጡኝና ልሂድ አሉ።

እውነት ለመናገር በዛወርቅ እዚያ ላይ ልቧ ዘለለ። ከራሳቸው አፍ ነው የወጣው፣ እሷ አልጠየቀችም። ከዚያ መሳቢያውን ስባ ምላጭ አወጣች።

"የልጅቷ ቀን አንድ ነው" አለች። "እኔ ገና ብዙ ቅዳሜ አለኝ።"

የመጀመሪያዋን ስፌት ራሷ ቀደደች። ስትፈታ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አወቀችው፤ ይሄን የሰፋሁት መብራት የጠፋ ቀን ነው፣ እዚህ ጋ ክር አልቆብኝ ነበር፣ እዚህ ጋ ብቻዬን ስስቅ ትሁት ሰምታ መጣች። እያለቀሰች ነበር፤ አልደበቀችውም። ትሁት ከባንክ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ቦርሳዋን ጥላ ሌላ ምላጭ አነሣች። የዚያን ቀን ነው እናቷ የሠራችውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየችው፤ እሱንም እያፈረሰችው ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ሰላሐዲን አሥራ አንዱንም የቀሚስ ቁራጭ ወሰደ፣ ቅዳሜ ማለዳ ቀሚሱ ደረሰ።

አንዲት ነገር ቀረች፤ ጥቅሉ የታሰረባት ቀጭን ቅዳጅ። የቀሚሱ አካል አይደለችም፣ የጠየቃትም የለም። በዛወርቅ እሷንም ፈታቻትና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። ለጋሽ ፈለቀ ልትልክላቸው አስባ ነበር፤ ሁለት ቀን መደበቋ እያሳፈራት አልላከችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ጆንያ ሳታመጣ አለፈ። ድሪቶው ወንዙ ደርቆ፣ በየቦታው አሮጌው ብርድ ልብስ እየታየ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በዛወርቅ ስታልፍ አታየውም። ትሁት በመጨረሻ አላስችል ብሏት፣ ዛሬ ሰላሐዲን ጋ አትሄጂም እንዴ፣ እኔ ልሸከምልሽ አለቻት። እናቷ ወገቤን አሞኛል አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ፈለቀና ኑኃሚን መጡ። ኑኃሚን ሰማያዊውን ለብሳለች፤ በር ላይ ስትቆም በዛወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልኳ ነው። ጋሽ ፈለቀ ማንኪራ ከሚባለው ገጠር ወንድማቸው የላኩላቸውን ማር በጣሳ፣ በሌላው እጃቸው ደግሞ አንድ ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሲያስተምሩ ይለብሱት የነበረው ግራጫ ኮታቸው ነው፤ ስፌቱ ብቻ ተፈትቶ፣ በየአካሉ ተጣጥፎ። ሰላሐዲን፣ እትዬ መቀስ አይወዱም ብሎ በምላጭ ነው የፈታው።

"ሠላሳ ዓመት አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ከቀሚሷ ጎን ተሰቅሎ የኖረ ነው" አሉ። "ባዶውን ቦታ እሱ ይሙላው።"

በዛወርቅ እንግዶቹ ሳይወጡ ጀመረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮቱ ቀዳዳዎቹን በልክ አይሞላም፤ እዚህ ያጥራል፣ እዚያ ይተርፋል። ቅዳሜ ደግሞ ደረሰ፤ ጆንያውን ትሁት ተሸክማ፣ በባጃጅ ሳይሆን በእግሯ፣ በአደባባይ አመጣችው። የጎደለውን በአረንጓዴ ቀጠሉት፣ የተረፈውን አጠፉት። የፊቱ ኪስ ላይ ሲደርሱ ትሁት ይነሣ ወይ አለች። በዛወርቅ አይሆንም አለች። ኪሱ ከነክዳኑ፣ ከነቁልፉ፣ እንደተከፈተ ተሰፋ። መሳቢያዋን ሳበችና ቅዳጇን ጠቅልላ እዚያ ውስጥ ከተተቻት።

ከወር በኋላ ጋሽ ፈለቀ የማሩን ጣሳ ሊወስዱ መጡ። ለጣሳ ብሎ ያን ዳገት የሚወጣ ሰው የለም፤ ትሁትም ገብቷታል፣ ሳይጠይቋት ድሪቶውን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ግራጫው አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሽማግሌው በእጃቸው ሲዳብሱት ቆዩና እጃቸው በራሱ ልማድ ጠመኔ እንደሚፈልግ ኪሱ ውስጥ ገባ። እዚያው ቆመ።

ሲያወጡት ሰማያዊዋ ቅዳጅ መዳፋቸው ላይ ነበረች። ነጫጭ አበቦቿ ይታያሉ። በዛወርቅ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይቺን የምታህል ነበር፣ የእርስዎ ናት፣ ይውሰዷት አለቻቸው።

"ወዴት እወስዳታለሁ?" አሉ ጋሽ ፈለቀ። "ኪሴ ውስጥ ናት።"

መልሰው አስገቧት፤ የኪሱንም ቁልፍ ቆለፉት።